ለኮራል ገንዳ ጨው ሲመርጡ መጀመሪያ አልካላይኒቲውን ይዩ

ጥያቄ፦ 200 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ ገንዳ አለኝ። ለስላሳ ኮራሎች፣ ሁለት ዩፊሊያና ጥቂት አክሮፖራ (ሁለቱም ድንጋያማ አጽም የሚሠሩ ኮራሎች ናቸው) አሉበት። በወር አንድ ጊዜ 60 ሊትር ውሃ እቀይራለሁ፤ የገንዳው አልካላይኒቲ (ኮራል ለአጽሙ የሚጠቀምበት፣ በውሃው ውስጥ ያለ የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን) 8 ዲኬኤች (የአልካላይኒቲ መስፈሪያ) ነው። «ለኮራል የበለፀገ» የሚል ጨው መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ ግን ውሃ በቀየርኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአክሮፖራዎቹ ጫፍ ይነጣል። ጨው በምበጠብጥበት ባልዲ ሥርም ነጭ ዝቃጭ ይቀራል። የትኛውን ጨው ልግዛ?

መልስ፦ የጫፉ መንጣትና የባልዲው ዝቃጭ ምንጫቸው አንድ ይመስላል፤ የጨውዎ ከፍተኛ አልካላይኒቲ። ጨውዎ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ነገር በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁም። «የበለፀገ» ተብለው የሚሸጡ ጨዎች በትክክለኛው ጨዋማነት ሲሟሟ በአብዛኛው ከ11 እስከ 12 ዲኬኤች ይሰጣሉ። የእርስዎ ገንዳ ያለው 8 ላይ ነው። 200 ሊትር የሚባለው ደግሞ የመስታወቱ ልክ ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ ውሃው 170 ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ 60 ሊትሩን፣ ማለትም ከሲሶው በላይ፣ ባለ 12 ዲኬኤች ውሃ ሲተኩበት ገንዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ8 ወደ 9.4 ይዘላል። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ይህ ብዙም አይሰማቸውም፤ ዩፊሊያም አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። አክሮፖራ ግን በቀን ከ0.5፣ ቢበዛ ከ1 ዲኬኤች ያለፈ ለውጥ አይወድም። ናይትሬትና ፎስፌት (በዋናነት ከዓሣ ምግብና ከቆሻሻ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች) ዜሮ በሆኑበት ውሃ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል። በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ አጽሙ ሥጋው ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት በላይ ያድግና ጫፉ ራቁቱን ይቀራል የሚል ነው።

ጨው የሚመረጠው ገንዳው በሚቆይበት አልካላይኒቲ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለማነጻጸሪያ የተፈጥሮውን ባሕር እንያዝ። በ35 ፒፒቲ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው ሲኖር፣ አልካላይኒቲው 7 ዲኬኤች ገደማ ነው። በሊትር ካልሲየሙ ከ410 እስከ 420 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየሙ 1,300 ገደማ፣ ፖታሲየሙ 400 ገደማ ይሆናል። ገበያ ላይ ያሉ የኮራል ጨዎች በካልሲየምና በማግኒዥየም ያን ያህል አይራራቁም፤ ካልሲየሙ 400 ሆነ 450፣ ኮራሉ ልዩነቱን አያውቀውም። የሚለያዩት በአልካላይኒቲ ነው፤ አንዱ 7፣ ሌላው 12 ሊሆን ይችላል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ባልዲዎች እንኳ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሬድ ሲ የሚባለው አምራች በሰማያዊው ባልዲ የሚሸጠው ጨው ወደ ተፈጥሮው ባሕር የቀረበ ሲሆን፣ ኮራል ፕሮ የሚለው አልካላይኒቲው በጣም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የአምራቹን ስም ብቻ አይጠይቁ፤ የምርቱን ስም አይተው በጀርባው የተጻፈውን የዲኬኤች ቁጥር ያንብቡ። ቁጥሩ በየትኛው ጨዋማነት እንደተሰላም ይዩ። በ33 ፒፒቲ 8 ዲኬኤች የሚል ጨው በ35 ላይ 8.5 ይሆናል።

ከፍ ያለው ጨው ለማን ተሠራ? ኮራሉ አጽም ለመሥራት አልካላይኒቲውን ቢበላውም ሌላ ማሟያ ለማይጨምርበት፣ ጥቂት ድንጋያማ ኮራል ብቻ ላለው ገንዳ ነው። በሳምንት 10 በመቶ በሚሆን ባለ 12 ዲኬኤች ውሃ የሚቀየር፣ 8 ላይ ያለ ገንዳ በየሳምንቱ 0.4 ዲኬኤች ያገኛል። ኮራሉ በሳምንት የሚበላው ያንኑ ያህል ከሆነ ነገሩ ተመጣጠነ፤ የጨው ባልዲው ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚበላ ገንዳ ግን በውሃ ቅየራ ብቻ አይጠግብም፣ ጨው የቱንም ያህል «ቢበለፅግ»።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የገንዳዎን ፍጆታ ይለኩ። ውሃ ሳይቀይሩ፣ ምንም ማሟያም ሳይጨምሩ፣ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ላይ አልካላይኒቲውን ይለኩ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው ሰዓት በዚያው ኪት (የመለኪያ ዕቃ) ይድገሙ። ለምሳሌ ከ8.2 ወደ 7.6 ከወረደ ፍጆታው በቀን 0.2፣ በሳምንት 1.4 ዲኬኤች ነው። ይህንን የሚሸፍነው ማሟያ ነው። 100 ሊትር ውሃን 1 ዲኬኤች ከፍ ለማድረግ 3 ግራም ገደማ ንጹሕ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበቃል፤ ለእርስዎ 170 ሊትር በቀን 0.2 ማለት 1 ግራም ያህል ነው። በትንሽ የተጣራ ውሃ አሟሙተው ፓምፑ በሚተፋበት በኩል ቀስ ብለው ያፍስሱት። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ እሱ አሲድና ሌላም ነገር የተደባለቀበት ነው። ካልሲየም ከአልካላይኒቲው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ 1 ዲኬኤች 7 ሚሊግራም በሊትር ያህል። በሳምንት 10 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ ኪትዎ ላያሳየው ይችላል፤ በወር አንዴ ለክተው በካልሲየም ክሎራይድ ይመልሱት። ሁለቱን ማሟያ በአንድ ዕቃ አይቀላቅሉ፣ ገንዳው ውስጥም አከታትለው በአንድ ቦታ አያፍስሱ፤ ወዲያው ኖራ ሆነው ይረጋሉ።

ማሟያ የሚጨምር ሰው ከገንዳው ጋር አንድ ዓይነት አልካላይኒቲ ያለው ጨው ነው የሚያስፈልገው። ውሃ ሲቀየር ቁጥሩ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። አክሮፖራ ስላለዎትና 8 ላይ ስለቆዩ፣ የሚቀጥለው ባልዲዎ ከ7.5 እስከ 8.5 የሚሰጥ ይሁን።

አሁን ያለውን ባልዲ ግን አይጣሉት። ስህተቱ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው ውሃ ብዛት ነው። 60 ሊትሩን በአራት ሳምንት ይከፋፍሉት፤ በየሳምንቱ 15 ሊትር ሲቀይሩ በዚያው ባለ 12 ጨው እንኳ ዝላዩ 0.35 ብቻ ነው፤ አክሮፖራ ይህን ይችለዋል፣ የሚያወጡት ጨውም አይጨምርም። ወይም አዲሱን ጨውና የድሮውን ለየብቻ በውሃ አሟሙተው እኩል በእኩል ይቀላቅሉ፤ 8ና 12 ሲገናኙ 10 ይሰጡዎታል። በደረቁ መቀላቀል አይመከርም፣ ፍሬያቸው እኩል ስላልሆነ ትልቁና ትንሹ ይለያያል።

አንድ ነገር ሳይጣራ ግን ጨውን መክሰስ አይቻልም፤ የሚያሟሙበት ውሃ። የቧንቧ ውሃ በከሰል አጣርተው ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ክሎሪኑ እንጂ ጥንካሬው (በውስጡ የሟሟው ማዕድን) አልወጣም። 5 ዲኬኤች ያለው ውሃ ላይ ባለ 8 ጨው ቢጨምሩ 13 ያገኛሉ፤ ፎስፌት፣ ሲሊካና መዳብም አብረው ይገባሉ። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በስስ ሽፋን ማጣሪያ) እና በዲአዮናይዜሽን (ቀሪውን ማዕድን በሚይዝ ሬዚን) የተጣራ፣ የቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሙ ነገሮች) መለኪያ 0 የሚያነብበት ውሃ ይጠቀሙ። መለኪያው 2 ወይም 3 ማንበብ ሲጀምር የዲአዮናይዜሽኑ ሬዚን ማለቁ ስለሆነ ይቀየር።

የምግብ ጨው፣ «የባሕር ጨው» ተብሎ የሚሸጠውም ጭምር፣ አይሆንም። የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲደርቅ ካልሲየሙ አስቀድሞ እንደ ካርቦኔትና ጂፕሰም ይረጋል፤ ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ በመጨረሻ በሚቀረው መራራ ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። በመካከል የሚሰበሰበው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ነጩ ዝቃጭ። ጥቂቱን በማንኪያ አውጥተው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት። አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በውሃው ውስጥ ሊኖር የሚገባው ካልሲየምና አልካላይኒቲ ኖራ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። አረፋ ካላወጣ ያልሟሟ ጨው ወይም ከጨው ማውጫው የመጣ ጭቃ ነው፤ እሱ ሥሩ ላይ እስከቀረ ድረስ ጉዳት የለውም። አረፋ የሚያወጣው ዝቃጭ አልካላይኒቲው ከፍ ባለ ጨው ላይ ይበዛል፣ የሚያስነሳው ግን አበጣበጡ ነው። ጨው ባልዲው ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ ውሃ ሲፈስበት፣ ሥሩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚፈጠረው እጅግ የጠነከረ ብጥብጥ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ያጋጫል። አንዴ ከረጋ በኋላ ማዞር አይመልሰውም። ሙቀትም ያባብሰዋል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከብዙዎቹ ጨዎች በተለየ ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይረጋል፣ ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያዩትም ለዚህ ነው።

እንዲህ ይሥሩ። መጀመሪያ ውሃውን ሙሉ ለሙሉ ይቅዱና ፓምፑን ያስነሱ፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። ጨውን በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ። እርጥበት ስላለው በሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም ያስፈልጋል፤ ለ20 ሊትር ከ720 እስከ 760 ግራም መሆኑ ነው። ከታችኛው ቁጥር ይጀምሩ፤ ፓምፑ ውሃውን በሚገፋበት ቦታ በ5 እና በ10 ደቂቃ መካከል ቀስ እያሉ ይበትኑ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ኩልል ሲል ጨዋማነቱን ይለኩ። 20 ሊትሩ 33 ፒፒቲ ካነበበ 43 ግራም ገደማ ይጨምሩ፤ 37 ካነበበ 1.1 ሊትር የተጣራ ውሃ ይጨምሩ። ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሙቀቱን ከገንዳው ጋር ያስተካክሉ። አልካላይኒቲው ከፍ ያለ ጨው በዚያው ቀን ይጠቀሙ፤ ለቀናት እየዞረ ሲያድር ይረጋል። ዝቅ ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ ሳምንት ቢቀመጥም አይጎዳም። የኖራ ቅርፊቱን ከባልዲውና ከፓምፑ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ያጥቡት፤ የተረፈ ቅርፊት ለሚቀጥለው ብጥብጥ መርጊያ ዘር ይሆናል።

መለኪያው ራሱ ቢዋሽስ? ሬፍራክቶሜትርን (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ዜሮው ትክክል መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርዎት፤ 35 ላይ ያለውን አያረጋግጥም። ብዙዎቹ ርካሽ ሬፍራክቶሜትሮች ደግሞ ለሶዲየም ክሎራይድ ብጥብጥ የተሠሩ ናቸው፤ 35 ፒፒቲ የባሕር ውሃ በእነሱ ላይ 36.5 ያህል ያነብባል። ባለ 35 ፒፒቲ ማስተካከያ ፈሳሽ ይግዙና በእሱ ያስተካክሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ 35 መስሎዎት 32 ላይ ቢበጠብጡ ባለ 8 ጨው 7.3 ዲኬኤች፣ 420 የሚለው ካልሲየም 384 ይሆናል፣ ከዚያ ሰው ጨውን ይሰድባል። ባለ ዘንግ ሃይድሮሜትር ላይ የተጣበቀ አንዲት የአየር አረፋም ዘንጉን ወደ ላይ ገፍታ ጨዋማነቱን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ከገንዳው የሚተነውን ውሃ ደግሞ በተጣራ ውሃ ብቻ ይተኩ፤ ጨው አይተንም።

አዲሱ ባልዲ ሲመጣ ሳይከፍቱ በጎኑ አጋድመው ጥቂት ያንከባልሉት፤ በጉዞ ላይ ደቃቁ ወደ ሥር፣ ሻካራው ወደ ላይ ስለሚለያይ ከላይ የተቀዳውና ከሥር የተቀዳው አንድ ላይሆን ይችላል። ከዚያ 10 ሊትር በ35 ፒፒቲ በጥብጠው፣ ለገንዳዎ በሚጠቀሙበት በዚያው ኪት አልካላይኒቲውን ይለኩ። ኪቶች እርስ በርስ 0.5 ዲኬኤች ያህል ስለሚለያዩ የሚያስፈልግዎት የሁለቱ ውሃዎች ልዩነት እንጂ ትክክለኛው ቁጥር አይደለም። በየባልዲው ይድገሙት፤ የምርት ዙር ከዙር ይለያያል። ባልዲውን ሁልጊዜ ግጥም አድርገው ይክደኑ። ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ ጨው አንዴ ድንጋይ ከሆነ ሚዛኑም ይዋሻል፣ ውስጡም ካርቦኔቱ መርጋት ጀምሯል። በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ጓል ችግር የለውም፤ በመዶሻ የሚፈነከተውን ግን ለአክሮፖራ አይስጡ።

አልካላይኒቲው ሁለት ወር ሳይነቃነቅ ቆይቶ ጫፉ አሁንም ከነጣ፣ ጨዉን ትተው ናይትሬትና ፎስፌት ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ለዓሣዎቹ የሚሰጡትን ምግብ ጨምረው ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ያድርሱት።