ከአባወራው ጋር ተፈራርማችኋል፤ እማወራዋስ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአዊ ዞን ነው። አራት ጓደኛሞች ከዲከረንስ (ለከሰል ከሚተከለው የግራር ዓይነት) እና ከባሕር ዛፍ ችፑድ (የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ) የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ ልናቋቁም ነው። ማሽን አዘናል። ፋግታ ለኮማ ላይ ከ11 አባወራዎች ጋር ተዋውለን ለቆመ ዛፍ ቀብድ ከፍለናል። ምን ዓይነት ማኅበር ይሻለናል? ምን ፈቃድስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ የጠየቃችሁትን ቶሎ ልጨርሰው። ለአራት ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይበቃል። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ካፒታሉ ከ15,000 ብር ማነስ የለበትም። ችፑድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቀው በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ነው፤ ጋዙ ሠራተኛውንም ጎረቤቱንም ይጎዳል። ስለዚህ ማሽኑ ከመተከሉ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን (አዋጅ ቁጥር 299/1995) ጨርሱ። በነገራችን ላይ፣ ማሽን ማዘዙ ላይ ቸኩላችኋል።

አሁን ወዳልጠየቃችሁኝ ልምጣ። "ከ11 አባወራዎች ጋር" ነው ያላችሁት። ሚስቶቹስ የት ነበሩ? ፈርመው ቢሆን ኖሮ የምትነግሩኝ ይመስለኛል።

ዛፍ የሚገዛ ደንበኛ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት፤ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለበት። በትዳር ውስጥ የተተከለ ዛፍ ደግሞ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ችግኙ ከጤፉ ጋር ሲተከል እሷም አብራ ነበረች። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ "ሲቆረጥ ተንቀሳቃሽ ነው፣ መሬት አልገዛንም" የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያድናችሁም። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አንቀጹን እዚያው ያለ ጠበቃ ያሳያችሁ።

ነገሩ የሚፈነዳው መቼ መሰላችሁ? ዲከረንሱ በአራት በአምስት ዓመቱ ሲደርስ ነው። የከሰል ነጋዴ መጥቶ ከእናንተ የተሻለ ዋጋ ይጠራል። ያን ጊዜ ሚስት "እኔ አልሸጥኩም" ትላለች። እውነቷን ይሁን ባሏ መክሯት፣ ለእናንተ ልዩነት የለውም። ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ከከሰሰች ፍርድ ቤት ውሉን ሊሽረው ይችላል (አንቀጽ 69)።

"ቀብድ የተቀበለ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል" ብላችሁ ትጽናኑ ይሆናል። ልክ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደዚያ ይላል። ግን እሱ አፍራሹ ተቀባዩ ሲሆን ነው። ውሉ በሚስት ጥያቄ ከተሻረ የምትከራከሩት የሰጣችሁትን ለማስመለስ ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ ያን ጊዜ የቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ማሽናችሁ እንጨት አጥቶ ይቆማል።

ደግነቱ አሁንም ይስተካከላል። ከሚስቶቹ ጋር ተጨማሪ ውል አድርጉ፤ ሁለት እማኝ ይፈርምበት። አንዲት እናት ማንበብ ካልቻለች ውሉ ይነበብላት፤ ማን እንዳነበበላትም ይጻፍ። "ባሏ ይንገራት" ብላችሁ እንዳትተዉት! ባለይዞታው ሞቶ ከሆነ የወራሾቹን ማስረጃ፣ ተፋትተው ከሆነ የንብረት ክፍፍል ውሳኔውን ጠይቁ። ይዞታው ለብድር መያዣ መሆን አለመሆኑንም ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አጣሩ።

እግረ መንገዳችሁን ሁለት ነገር ጨምሩበት። የመቁረጫው ቀን ይጻፍ፤ ክፍት ከተተወ መሬት የተከራያችሁ ይመስላል፣ የገጠር መሬት ኪራይ ደግሞ የራሱ ሥርዓትና ምዝገባ አለው። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን የመታው በሽታ ከመቁረጣችሁ በፊት ቢገባበትስ? ኪሳራው የማን እንደሆነ አሁኑኑ ተስማሙ።

ውሉን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር አሳስታችኋለሁ። ውሎቹን፣ የቀብድ ደረሰኞቹንና የደብተሮቹን ኮፒ ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ያኔ የ11ዱም ቤተሰቦች ወረቀት ይኑራችሁ። ሁለተኛ ቀብድ እስከዚያ እንዳትከፍሉ።