ለታናሻችሁ ካራ ሥሩለት

እንዴት ናችሁ ልጆቼ? ደሴ ውስጥ እንጨት ስልግ ያረጀሁ አናጺ ነኝ። ወጣቶች እየመጡ "ጋሼ፣ ለእህቴ ልጅ ምን ልግዛለት?" ይሉኛል። ለገናም ለአረፋም ጥያቄው ያው ነው። እኔም መልሴ ያው ነው፦ አትግዙ፣ ሥሩ። ልጁ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከሞላው ደግሞ የእንጨት መቅረጫ ካራ ሥሩለት።

እናቶች ይህን ሲሰሙ "ወይ ጉድ!" ይላሉ። አብሽሩ። የገጠር ልጅ በዚያ ዕድሜው ማጭድ ይዞ ሣር ያጭዳል። የሚያስፈራው ደነዝ ካራ ነው። ደነዝ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛበት ያመልጣል። የአዋቂ ካራም ለትንሽ እጅ አይመችም። ስለዚህ ለልጁ በልኩ የተሠራ፣ ግን የምር የሚቆርጥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ስዊድናዊው መምህር ኦቶ ሳሎሞን ይህ ቀድሞ ገብቶት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ናስ በተባለ ቦታ የእጅ ሥራ መምህራንን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ትምህርቱ የሚነሳው ከካራ ነበር። መጋዝና መላጊያ ቀስ ብለው ይመጣሉ።

ብረቱን ሩቅ አትፈልጉ። ጋራዥ ሂዱና ያለቀለት ሞረድ ለምኑ። ጥሩ ሞረድ አንድ በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ስለት የሚይዘውም ለዚህ ነው። ፌሮ ቢሰጧችሁ ተዉት፤ አይጠነክርም።

ከዚያ ወናፍና ከሰል ያለው ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። ድሮ ብረት ሠሪን ማንቋሸሽ ልማድ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም በአዋጅ ቢከለክሉትም ምላስ ቶሎ አይታረምም። እናንተ እጅ ነስታችሁ ግቡ። ባቲ ሰኞ ገበያ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ያየ ሰው ብረት ሠሪን ሊንቅ አይችልም።

ሞረዱን ፍም እስኪመስል አግላችሁ አመድ ውስጥ ቅበሩትና ይደር። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ስለሚለሰልስ በሌላ ሞረድ ይሞረዳል። የድሮ ጥርሶቹን አንድ ሳታስቀሩ አጥፉ፤ ብረት የሚሰነጠቀው በእነዚያ ጭረቶች ነው። ስለቱ ከልጁ መዳፍ ስፋት አይብለጥ። ጫፉን አታሹሉት፣ ክብ አድርጉት። ጅራቱን አትንኩት፤ እጀታ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

አሁን እንደገና ይጋላል። ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ መሳብ ሲተው ጥቂት ጨምሩለትና ለብ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት። ከዘይቱ ሲወጣ ጠንክሯል፣ ግን ቢወድቅ እንክትክት ይላል። ስለዚህ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አጥሩና አሸዋ በተነጠፈበት የብረት ምጣድ ላይ በቀስታ አሙቁት። (የእናታችሁን የእንጀራ ምጣድ እንዳትነኩ፤ ጣጣ ውስጥ አታስገቡኝ።) ዓይናችሁን አትንቀሉ። ብረቱ የጭድ ቀለም ሲይዝ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ጥቂት አልፏል፤ ቶሎ አውርዱት። ሰማያዊ ከሆነ አልፎባችኋል፤ ለስለት ለስልሷልና ከማጠንከሩ ትጀምራላችሁ።

እጀታው ከደረቀ ወይራ ይሁን። ለልጁ ሊጥ ስጡትና ጭብጥ ያድርገው፤ የእጁን ልክ እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። ክብ እጀታ መዳፍ ውስጥ ይዞራል። ሞላላ ከሆነ ግን ስለቱ ወዴት እንደዞረ ልጁ ሳያይ ያውቃል። ቫርኒሽ አያስፈልግም፣ ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት ቀቡት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ በራሱ ጊዜ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት። የቆዳ አፎትም አትርሱ።

ካራውን ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ አብራችሁት ቁጭ በሉ። እርጥብ ዋንዛ አቅርቡለት፤ ለጀማሪ እጅ አያስቸግርም። የመጀመሪያ ሥራው ማማሰያ ይሁን። ቢጣመምም እናቱ ወጥ ታማስልበታለች፤ እሱም ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ያሳያል። ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያድርግ፣ ስለቱን ከራሱ ያርቅ። ክንዱ የሚደርስበት ቦታ ማንም አይቀመጥ። ጣቱን ጫር ቢያደርገው እጠቡና እሰሩለት እንጂ ካራውን ቀምታችሁ ቁም ሳጥን ላይ አትስቀሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ሲያድግ እጀታው ያንሰዋል፣ ስለቱ ግን ገና ነው። ስለዚህ ስትገጥሙት በምስማር አትቸንክሩት፣ በኮላም አትለጥፉት። እንደ ማጭድ እጀታ አድርጉት፦ የጅራቱን ያህል የሆነ ሌላ ብረት አግላችሁ ቀዳዳውን በእሱ አቃጥሉና ቀዳዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ካራውን አስገብታችሁ አጥብቃችሁ ምቱት። ካራው ራሱ ከጋለ ድካማችሁ ገደል ገባ። ጊዜው ሲደርስ አሮጌውን እጀታ ፍለጡት። አዲሱን ያኔ ራሱ ይቅረጸው።