የፊት ጎማው ለምን ተሰበረ? ለባሕር ዳሩ ወንድማችን መልስ

ወንድማችን፣ የበረራ ተማሪ የሆነው ልጅዎ ብቻውን ባሕር ዳር ሲያርፍ ሴስና 172 የተባለችው ትንሽ የመለማመጃ አውሮፕላን ደጋግማ ነጥራ የፊት ጎማዋ እንደተሰበረ ገልጸው፣ «ማኮብኮቢያው ያን ያህል ረጅም ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ልጄስ ጥፋተኛ ይባላል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እንኳን እግዚአብሔር ልጅዎን አተረፈልዎ። በአስተማሪ አብራሪነት ከብዙ ተማሪዎች ጋር ስለበረርሁ የማውቀውን ልመልስ።

አውሮፕላኗ ፍጥነቷ ሳይበርድ መሬት ከነካች ክንፏ ገና ሊሸከማት ስለሚችል ተመልሳ ትነሣለች፤ በዚህኛው ነጠራ ብዙውን ጊዜ የሚሰበር ነገር የለም። የሚሰበረው ተማሪው ደንግጦ በግድ ሊያስቀምጣት መሪውን ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሸክሙን ሊቀበሉ የሚገባቸው ሁለቱ ዋና ጎማዎች ገና አየር ላይ ሳሉ ቀጭኑ የፊት እግር ቀድሞ ይመታል፣ ደግማ ትነጥራለች፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ላይ እግሩ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል የሚለየውን የብረት ግድግዳ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቆርቆሮው ተጨማድዶ፣ ቆርቆሮውን በያያዙት ምስማሮች (ሪቬቶች) ዙሪያ ቀለሙ ተላጦ ሊያገኝ ይችላል። ፕሮፔለሩ መሬት የመታ ሞተርም ተፈትቶ መመርመር አለበት፤ ባለንብረቶች ይህን መስማት አይወዱም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በሞቃት ከሰዓት የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 75 ይጠጋል። ቆላ ላይ የለመደ ተማሪ መሬቱ ፈጥኖ ሲያልፍበት፣ በዚያ ላይ የጣና ነፋስ ሲጨመርበት፣ ለማስቀመጥ ይቸኩላል።

ከነጠረች መፍትሔው አፍንጫዋን ሳይደፉ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ ፍላፑን (ለማረፍ ወደ ታች የሚዘረጋውን የክንፍ የኋላ ክፍል) ወደ 20 ዲግሪ መልሶ፣ ተነሥቶ እንደገና መዞር ነው። በከፍታ ቦታ ግን የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ አስቀድሞ ነዳጁ ተቀንሶ ካልቀጠነ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ ቆላ የተማሩ ልጆች ይህን ሲረሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ጥፋተኝነት፣ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ልጅዎ የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍ። ወደ በረራ ሲመለስም አስተማሪው ሆን ብሎ አስነጥሮ መሪውን እንዲያስረክበው ይጠይቅ፤ እኔ ተማሪን ለብቻው የምለቅቀው ከነጠራ በንጽሕና ሲነሣ ካየሁ በኋላ ነበር።