50ውን ከመግዛትህ በፊት ፎልደሮችህን ክፈት

ወንድሜ፣ "ካኖን ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለው) ከ18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ ጋር አለኝ፣ ባለ 35 ሌንስ ልግዛ ወይስ ባለ 50?" ብለህ ጠይቀህ ከስር ሁሉም "50 ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ጀርባውን ያደበዝዝልሃል" ብሎሃል። እኔም ይህንኑ ሰምቼ ገዝቼ ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ጀርባዬን ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር አጣብቄ፣ አያትየውንና ሕፃኑን ብቻ አስገብቼ የቀረውን ዘመድ ቆርጬው ወጣሁ። እስከዛሬ ይነሳብኛል። 50 ካኖን ክሮፕ ላይ በ1.6 ተባዝቶ እንደ 80 አጥብቦ ነው የሚያሳይህ፣ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ የድሮ ፎቶዎችህን በየትኛው ሚሊሜትር እንዳነሳሃቸው ቁጠር። ካሜራህ በስንት ሚሊሜትር እንዳነሳህ ፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል፣ ኤግዚፍ የሚሉት እሱ ነው። ላይትሩም ክላሲክ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ካለህ ላይብረሪ ውስጥ ከላይ ባለው ፊልተር ሜታዳታን ነካ አድርገህ አንዱን ዓምድ ወደ ፎካል ሌንግዝ (ሚሊሜትሩ ማለት ነው) ቀይረው፣ ከየቁጥሩ ጎን ስንት ፎቶ እንዳለ ይደረድርልሃል። ከሌለህ ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ትእዛዝ መጻፍ ይፈልጋል እንጂ ሙሉ ፎልደር አንብቦ በኤክሴል የሚከፈት ሰንጠረዥ ያወጣልሃል። ብቻ ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ተጠቀም። ከፌስቡክ ያወረድከው ላይ መረጃው ተፍቋል፣ ዋትስአፕም ቴሌግራምም እንደ ፋይል ካልተላከ ያው ነው።

ሰው የሚሳሳተው አነባበቡ ላይ ነው። የኔ ቁጥር 18 እና 55 ላይ ተቆልሎ ነበር፣ ያንተም ሳይሆን አይቀርም። 55 ላይ መቆለሉ ግን 55 ትወዳለህ ማለት አይደለም፣ ዙሙ አልቆብህ ነው። እነዚያን ፎቶዎች ክፈትና ስንቶቹን በኤዲቲንግ ይበልጥ እንደቆረጥካቸው እይ። ብዙ ከሆኑ የሚያስፈልግህ 50 ሳይሆን ይበልጥ የሚያቀርብ ሌንስ፣ 85 ወይም 55-250 ነው። 18ም ወይ ቦታ ጠቦህ ነው፣ ወይ ካሜራውን ከቦርሳ ስታወጣ ዙሙ እዚያ ስለነበር ሳትነካው ተኩሰህ ነው። የኔ ግማሹ ስንፍና ነበር፣ አልዋሽህም። ደግሞ በ24 አንስተህ ግማሹን ብትቆርጠው ኤግዚፉ አሁንም 24 ነው የሚልህ።

ያነሳኸውን ሁሉ አትቁጠር። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲወጣ አከታትለህ በ55 ስልሳ ፎቶ ከተኮስክ የዓመቱን ቁጥር ያዛባዋል። ለሰው የሰጠሃቸውን ወይም ኮከብ ያደረግህባቸውን ብቻ ለይተህ ቁጠር። እኔ እንደዚያ ሳደርግ መልሱ ተገለበጠ። የምወዳቸው ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ሰርግ ቤት ያነሳኋቸው ሆነው ተገኙ፣ አብዛኞቹም ከ22 እስከ 28 መሃል ናቸው። ያችን ቀጭኗን ባለ 24 ሌንስ ገዛሁ፣ ከካሜራዬ ላይ ወርዳ አታውቅም።

አሁንም ካመነታህ ገንዘብ ሳታወጣ ዙሙን በፕላስተር 35 ላይ እሰረውና አንድ ቅዳሜና እሁድ እንደዚያው ሥራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ 50 ላይ። የቱ እንዳናደደህ ታውቀዋለህ።

ቁጥርህን ከስር ጣለውና አብረን እናየዋለን። 50 ነው የወጣልኝ ካልክ ደግሞ እኔ ጋ አንድ አለች፣ ከዚያ ክርስትና ወዲህ ብዙም አልሠራችም።