ፎቶዎቼን ወደ ሃርድ ዲስክ ካዛወርኩ በኋላ ከላፕቶፔ ላጥፋቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የልጆቼ ፎቶ ከተወለዱ ጀምሮ ያለው ላፕቶፔ ላይ ነው። አሁን ሞልቶ አላሠራ ስላለኝ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ስሰካው ግን 931 ጊጋባይት ነው የሚለው፣ ተጭበርብሬ ይሆን? የእኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፣ የእህቴ ደግሞ ማክ፣ እና በሁለቱም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። «መጀመሪያ ፎርማት አድርጊው» ያሉኝ ሰዎችም አሉ። ሐሳቤ ፎቶዎቹን ሁሉ ወደሱ አዛውሬ ላፕቶፑን ባዶ ማድረግ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ያስፈራኝ እሱ ስለሆነ። አዛውረሽ ላፕቶፑን ካጸዳሽ አሁንም ያለሽ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ቦታ ቀየረ፣ በቃ። ባክአፕ የሚባለው አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሲተርፍ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሃርድ ዲስኬ ተሰክቶ እየሠራ እያለ ገመዱ እጄን ይዞት ከጠረጴዛ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አልከፈተም። የአባቴ የመጨረሻ ዓመት ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ፣ ሌላ የትም አልነበሩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ እባክሽ፣ ለጊዜው ምንም አታጥፊ።

ስለ 931 አትጨነቂ፣ ማንም አላታለለሽም። አምራቾች አንድ ቴራባይት የሚሉት 1,000,000,000,000 ባይትን ነው፣ ዊንዶውስ ግን በ1,000 ፈንታ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ቁጥሩ አንሶ ይታያል። የእህትሽ ማክ ላይ ስትሰኪው ያው ዕቃ ወደ 1 ቴራባይት ይላል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው ብንል 250,000 ገደማ ይይዝልሻል። ቪዲዮ ከበዛ ግን ቶሎ ይሞላል።

ፎርማት ላሉሽ፣ ልክ ናቸው፣ ግን አሁን ባዶ እያለ ነው የሚደረገው። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ከሱቅ ሲወጡ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደራደር ነው የሚመጡት፣ ማክ ደግሞ እሱን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ለሁለቱም የሚሆነው ኤክስፋት ነው። ፋት32 የሚል አማራጭ ካየሽ እለፊው፣ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል አይቀበልም፣ አንድ ረጅም የልደት ቪዲዮ ይበቃዋል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊ፣ ፎርማት በዪ፣ ኤክስፋትን ምረጪ። ስታርት ከማለትሽ በፊት ግን የዲስኩን ስምና መጠን ደግመሽ እዪ፣ ሌላ ፍላሽ ወይም ዲስክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ንቀዪው። በስህተት ሌላውን መደምሰስ የአንድ ክሊክ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ፎቶዎቹን በዓመት በዓመት ፎልደር እየከፈልሽ ኮፒ አድርጊ። ካት አይደለም፣ ኮፒ! ካት ስታደርጊ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢላቀቅ ነገሩ ይመሰቃቀላል። ሲያልቅ ሁለቱንም ፎልደሮች በፕሮፐርቲስ ከፍተሽ የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያዪ፣ ከየዓመቱም ጥቂት ፎቶ ከራሱ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ክፈቺ። ስትነቅዪ ሁልጊዜ ኢጀክት አድርገሽ ነው፣ ማለትም ልትነቅዪው መሆኑን መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ ነግረሽ። ኤክስፋት በድንገት ሲነቀል ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ በቀላሉ ይበላሻል። ዲስኩ እየሠራ ሳለም አታንቀሳቅሺው፣ የተለመደው ዓይነት ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው።

የላፕቶፑ መሙላት ግን አሁንም አለ፣ አውቃለሁ። እኔ የምመክርሽ ሌላ ሃርድ ዲስክ እንድትጨምሪ ነው። ፎቶግራፈሮች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላሉ። ሁሉንም ባንዴ ባትችዪ እንኳ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ቤት አይደሩ። ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እህትሽ አለች አይደል? ሁለተኛውን እሷ ጋ አስቀምጪ፣ ስትጠይቂያት አዲሶቹን ፎቶዎች ጨምሪበት። ክላውድም፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚቀመጠው፣ ጥሩ ሦስተኛ ነው፣ ግን ከስልክሽ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ስልኩ ላይ ያጠፋሽው እዚያም ይጠፋል፣ ብቻውን አትተማመኚበት።

ሁለቱም ዲስኮች ላይ ፎቶዎቹ እንደሚከፈቱ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ፣ ያኔ የላፕቶፑን አጥፊ።