ለዛፍ ፎቶ ወደ ባሌ ለምትሄደው ወንድሜ፤ ከሌንሱ በፊት ቲተሩ

ወንድሜ፣ «በጥር ወር ወደ ባሌ ተራሮች ልሄድ ነው። እንስሳ ሳይሆን ዛፍ ነው ማንሳት የምፈልገው። ምን ሌንስ ልያዝ? ብርሃኑስ በስንት ሰዓት ይሻላል?» ብለህ ጠይቀሃል። የመለሱልህ ሁሉ ሌንስ በሌንስ አድርገውሃል። ሌንሱ ይደርሳል። እኔ በዚያ መንገድ በክረምትም በበጋም ተመላልሻለሁ። ካሜራዬ ያገለገለ ኒኮን ነው፣ እንጀራዬ የሂሳብ ሥራ ነው። የባሌውን የሐረና ደን ኮሶ በማንሳት ግን የሚበልጠኝ ሰው ገና አላጋጠመኝም። ስለዚህ ስማኝ።

1. ደብዳቤህን አዲስ አበባ ጨርሰህ ውጣ።

አንተም እንደ እኔ ማንም ያልላከህ፣ በራስህ ብር የምትሄድ፣ ትሪፖድ ተሸክመህ ብቻህን የምትዞር ሰው ነህ ብዬ ነው የማወራው። ፓርኩ አያስቸግርህም። ዲንሾ ላይ መግቢያህን ትከፍላለህ፣ አስጎብኚ ትይዛለህ፣ አለቀ። ችግሩ እዚያ እስክትደርስ ነው። ጉዱ ያለው ደግሞ ትሪፖዱ ላይ ነው። ገጠር ውስጥ ባለ ሦስት እግር ነገር የተከለ ሰው ቀያሽ ነው። ቀያሽ መጣ ማለት መሬት ሊወሰድ ነው ማለት ነው። ሰዉ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

በግንቦት ስሄድ መንገድ ላይ የፈተሸኝ ልጅ ትሪፖዴን እያገላበጠ አየና «ይሄ የመሬት መለኪያ ነው?» አለኝ። የካሜራ ነው አልኩት። «እንግዲያው ቢሮ ሄደህ አስፈቅድ» ብሎ መለሰኝ። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ገባሁ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ቴርሞስና አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ደብዳቤዬን ተቀበለኝ። የፎቶ ማኅበራችን የጻፈልኝ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አለው። በእስክሪብቶው ጫፍ ፊርማውን ነካ ነካ አደረገና «ቲተር የለውም» አለ። የፈራሚውን ስምና ማዕረግ የያዘውን ማህተም ማለቱ ነው።

«ማህተሙ አለ እኮ» አልኩ።

«ማህተሙን አየሁት። የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ለመሆኑ ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ታዲያ ለምን ታነሳለህ?»

«ዛፍ ስለምወድ።»

«አዲስ አበባ ዛፍ የለም?»

ቦታው እኮ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነው፣ ሰው እንዲያየው አይደለም ወይ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሳይስቅ «ዩኔስኮም ቢሆን በቲተር ነው የሚጽፈው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል። ከሰዓት ተመለስ። ከሰዓት ስመለስ ነገ ጠዋት። የማኅበራችን ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ቲተሩን አስመትታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ኮፒ አንቀበልም።» ኦሪጅናሉ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ተላከልኝና መናኸሪያ ቆሜ ተቀበልኩ። ይሄ ሁሉ ሲሆን በቢሮው መስኮት በኩል ተራራውን አየዋለሁ። እኔ የመጣሁለት ጉም ጫፉ ላይ ተኝቷል። ጠዋት ይወርዳል፣ ከሰዓት ይወጣል። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ፈቃዱ በተሰጠኝ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው» ይላል፣ የእኔ አንጀት ያርራል።

ስወጣ ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለቢሯችን ግድግዳ አንድ ትልቅ ፎቶ ታመጣልናለህ አይደል?» አላመጣሁም። አላመጣምም።

ስለዚህ ደብዳቤህ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ስምህ መታወቂያህ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ የካሜራህ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር፣ «የካሜራ ማቆሚያ» የሚል ቃል፣ የምትሄድባቸው ቀናት፣ ዓላማው ለግል የሚሆን የዛፍና የመልክዓ ምድር ፎቶ መሆኑ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይባል። ፊርማ፣ ማህተም፣ ቲተር። ከአንድ በላይ ኦሪጅናል አስወጣ፤ አንዱን የሚያስቀርብህ አይጠፋም። ድሮን ካለህ እዚያው ቤትህ ተወው። ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ መዞር ካሜራህንም ጭምር ሊያሳጣህ ይችላል።

2. ጥር ጥሩ ነው፣ ግን ለሁሉም ዛፍ አይደለም።

ባሌ ዝናቡ ረዥም ነው። ከመጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት እየመጣ እየሄደ ይቆያል። ጥር ደረቅ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ብቻ ነው፣ ደመና የለውም፣ ለእኔ ይሄ አሰልቺ ነው። የሚያኮራው ጠዋቱ ነው። ጋይሳይ ሜዳ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከጀርባ ዲንሾ ያሉት ጽዶችና ኮሶዎች ጥቁር ሆነው ይቆማሉ። ፀሐይ ስትነካው ውርጩ ወዲያው ነው የሚጠፋው፤ ስለዚህ በጨለማ ደርሰህ ቦታህን ያዝ። የደጋ አጋዘን ፊትህ ቢቆም እሱን ትቼ ዛፉን አነሳለሁ የምትል ከሆነ አንተ የእኔ ሰው ነህ።

ጉም የምትፈልግ ከሆነ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም ነው። መኪናው ይጨቀያል፣ ጫማህ አይደርቅም፣ ፎቶው ግን ያኔ ነው ያለው። በጥርም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ተስፋ አትቁረጥ። ሐረና ሳነቲ ከሚባለው ከፍተኛ አምባ ጫፍ ተነስቶ ወደ ቆላው እስከ 1,500 ሜትር ድረስ የሚወርድ ደን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እርጥቡ አየር ሽቅብ ሲወጣ ደመና የሚሠራበት ጊዜ አለ። ደኑ ውስጥ ያለችው ሪራ መንደር አካባቢ ሆነህ ጠብቅ። ጠብቅ ስልህ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ሳይሆን ካሜራው ትሪፖድ ላይ ተሰክቶ ማለቴ ነው።

3. ብርሃኑን በተመለከተ ዩቲዩብ አይሸውድህ።

ያን ወርቃማ ብርሃን እያሉ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ሰሜን አውሮፓ ወይም ካናዳ ያሉ ናቸው። እዚያ ፀሐይ አድማሱን ታክካ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፤ ሻይ አፍልተህ ጠጥተህ ትደርሳለህ። ባሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ ሽቅብ ነው የምትሮጠው። ጥር ላይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፣ 2 ሰዓት ሲሆን ሜዳ ላይ ያለው ሥራህ አልቋል። ከመውጣቷ በፊት ያለው ለስላሳ ብርሃንም ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ማታም እንደዚያው ነው፣ ገባች ስትል ጨልሟል።

ደን ውስጥ ግን ሌላ ነው። ጀማሪ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ደን ይሮጣል። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ስትገባ መሬቱና ግንዱ ሁሉ የነብር ቆዳ ይሆናል፤ ነጩ ይቃጠላል፣ ጥቁሩ ይደፈናል፣ ዛፉ የት እንዳለ አይታይም። ደመና ሲሆን ግባ። ዝናብ አባርቶ ቅጠሉ ሳይደርቅ ከሆነ እሰየው። ያኔ ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ግጠምና ቀስ እያልክ አዙረው። ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ ነጸብራቅ ሲጠፋና አረንጓዴው ሲወጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ጉም ውስጥ ካሜራህን አትመነው። ነጩን ሁሉ ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ ብርሃኑን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ ያህል፣ ጨምርለት። የቀለም ሚዛኑንም (ዋይት ባላንስ) አውቶ ላይ አትተው፤ ከቅጠሉ ሥር ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆንብሃል። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ አንሳና ቤትህ አስተካክለው።

ወደ 4ኛው ከመሄዴ በፊት ስለ ኮሶ ልንገርህ። እውነቱን ለመናገር 4ኛ የለም፤ ከዚህ በኋላ እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

እኛ ኮሶን የምናውቀው በመድኃኒቱ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ፊቱን የማያጨማድድ የለም። ዛፉን ቆሞ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። የሐረና የላይኛው ክፍል ያለው ኮሶ ያረጀ ነው። ግንዱ ጠማማ፣ ቅርፊቱ ቡናማ ወደ ቀይ ያደላ፣ እየተላጠ ቁልቁል የሚንጠለጠል። በቅርንጫፉ ላይ ሽበት የምንለው፣ እንደ ጢም የሚወርድ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሎበታል፣ ሽበቱ ሥር ሙዝ አለ፣ ሙዙ ላይ ፈርን በቅሎበታል። ሙዝ ስልህ የሚበላውን ሳይሆን ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። የሴቷ አበባ ዘለላ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ በበጋ ስለሚያብብ በጥር ልታገኘው ትችላለህ። አስጎብኚውን በኦሮምኛ «ሄቶ» ብለህ ጠይቀው፣ ቶሎ ይገባዋል።

እኔ ከሪራ በታች አንዲት ኮሶ አለችኝ። አለችኝ እላለሁ፣ ማንም አልሰጠኝም። በሄድኩ ቁጥር ከእሷ ጋር ነው የምጀምረው። በግንቦት ጉም ውስጥ ሌላ ዛፍ አይታይም፣ እሷ ብቻ ናት። በጥቅምት ከሥሯ ያለው ሁሉ ጉልበት ይደርሳል። በጥር ከጀርባዋ ገብተህ በፀሐይ ትይዩ ስታነሳት በእያንዳንዱ የሽበት ጫፍ ላይ የጠዋቱ ጤዛ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይበራል። በሩቁ አይታይም። ረዥሙን ሌንስ ይዘህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ f/4 አካባቢ ከፍተህ፣ ከኋላው ያለው ጥላ ሲሆን ነው የሚወጣው። አንተም ብዙ ዛፍ አታሳድ። አንድ ምረጥና ዙራት። ከላይ ወደ ታች ጠባብ አድርገህ ተራ በተራ አንሳና ኮምፒውተር ላይ አጋጥማት፤ ከታች ቆመህ በሰፊ ሌንስ ሽቅብ ካነሳህ ግን ወደ ኋላ የምትወድቅ ትመስላለች። ዳገት ካለ ዳገቱ ላይ ወጥተህ ወገቧ ትክክል ቁም።

እንግዲህ ሌንሱ ይሄው ነው። 70-200 ሚሊሜትር ካለህ ያዝ፣ 35 ሚሊሜትር ያዝ፣ ሌላውን ተወው። ሰፊው ሌንስ ደን ውስጥ ሁሉንም ያስገባና ምንም አያሳይም።

ኮሶዎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ልታይ ትችላለህ። ረዘም ያለ ድብልብል ነገር ነው፣ ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ላይ። የሰው ንብረት ነው፣ ንቦቹም ስለ ጥበብ ግድ የላቸውም። ባለቤቱን ካገኘህ «አባባ» ብለህ ሰላም በል፣ ያነሳኸውን በካሜራው ጀርባ አሳያቸው። አንድ ሽማግሌ ፎቶዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ከዚያች ይልቅ ወደ ወንዙ ያለችው ታምራለች ብለው ወሰዱኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ቢሮ ሁሉ እኚህ ሰው ይበልጡኛል፤ ቲተርም አልጠየቁኝ።

ሳነቲ ላይ ስትወጣ ዛፍ የለም ትል ይሆናል። ከመውጣትህ በፊት አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በሚበቅልበት መስመር ላይ ቁም። እረኞች ለግጦሽ ብለው የሚያቃጥሉት ቦታ አለ። የተቃጠለው አስታ ጥቁር ሆኖ እንደቆመ ይቀራል፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ አዲስ አረንጓዴ ያወጣል። ሰው ሁሉ አልፎት ወደ ጅብራው፣ ወደዚያ ረዥም የደጋ ተክል፣ ይሮጣል። ጅብራም ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንዴ አብቦ የሚሞት ነገር ነው፣ አንሳው። ግን የጅብራ ጥላ ከፀሐይ መጥለቂያ ጋር የሌለው ስልክ የለም።

ሌሊት እዚያ ከዜሮ በታች ይሆናል። ባትሪህን ከውስጥ ልብስህ ጋር አሳድረው፣ ቦርሳ ውስጥ ከተውከው ጠዋት ባዶ ነው የምታገኘው። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገባ ካሜራውን መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ጠቅልለህ አስረው፣ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይልመድ። አለበለዚያ ሌንሱ ውስጥ ውሃ ያዝላል፣ ከቆየ ደግሞ ሻጋታ ነው፣ የሻጋታ ጠራጊ ደግሞ ዋጋው የሌንሱን ያህል ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ፎቶህን ስትለጥፍ አሳንሰህ ለጥፍ። የእኔዋን ኮሶ ሙሉ መጠኗን ለቅቄ ነበር። አንድ ድርጅት የግድግዳ ካላንደር ላይ አወጣት። ስሜ የለም። ደወልኩላቸው፣ «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው» አሉኝ፣ ኢንተርኔት የሰውየው ስም ይመስል። ሥሯ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቃለህ? «የሰሜን ተራሮች ጽድ።» ገንዘቡን ቢያስቀሩ ይሁን፣ ኮሶን ጽድ ማለት ምን የሚሉት ነው?

በል መንገድህን ያቅናልህ። ከመነሳትህ በፊት በዚያው ሳምንት ደውለህ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ፣ ወር የቆየ ወሬ ይዘህ አትነሳ። ብርህን ጎባ ላይ አውጣ፣ ነዳጅም እዚያው ሙላ። የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግህ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ስምህን ብቻ ቀይረህ የምታስመታው አለኝ።