ለስጦታ የሚሆን ገበቴ በቶርኖ ስለማውጣት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ በአንድነት ልመልሳቸው ወድጃለሁ። ጉዳዩ የመጀመሪያ የእንጨት ገበቴን በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ ለመቅረጽ በሚያመች ማሽን፣ አውጥቶ ለሚወዱት ሰው ማበርከት ነው። ስለ ቅባቱና ስለ ማስዋቡ የሚጨነቀው ጠያቂ ብዙ ሲሆን፣ ስለ እንጨቱ መድረቅና ስለ መሮው ስለት የጠየቀኝ ግን ጥቂት ነው፤ መልሶቼ ወደዚያ ያጋደሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከቢሾፍቱ፦ «በግቢያችን የነበረ የአቮካዶ ዛፍ በቅርቡ ተቆርጧል። እኅቴ ከሁለት ወር በኋላ ስለምታገባ ከግንዱ ገበቴ አውጥቼ ልሰጣት አስቤአለሁ። ይደርስልኛል?»

እንደ አሠራሩ ነው። እርጥብ እንጨት ከደረቁ ይልቅ ለመሮ የሚገዛ፣ ብናኙም የማያስቸግር በመሆኑ ሥራው ራሱ ደስ ያሰኛል፤ ችግሩ የሚመጣው ከቶርኖው ከወረደ በኋላ ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ክብ ሆኖ የወጣው ገበቴ ሞላላ ይሆናል፤ ጎኑ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከቀጠነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ግንዱን በእምብርቱ ላይ መሐል ለመሐል ይሰንጥቁትና እምብርቱ በገበቴው ውስጥ እንዳይቀር አድርገው ይቁረጡት፤ አብዛኛው ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ጊዜ ላለው ሰው የሚመከረው ሁለት ጊዜ መቅረጽ ነው። በመጀመሪያው ዙር የጎኑን ውፍረት የዲያሜትሩን አንድ አሥረኛ ያህል ማድረግ፣ ማለትም አፉ 25 ሳንቲሜትር ለሆነ ገበቴ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ መተው፣ የእንጨቱ ክሮች ጫፍ በሚታይበት በኩል ቀልጦ የተዘጋጀ ሰም መቀባት፣ ከዚያም ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ከትቶ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በየሳምንቱ በሚዛን ሲመዘን ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነውና ያኔ ሁለተኛው ዙር ቅርጽ ይሠራለታል፤ ይህ ግን ብዙ ወራት ይፈልጋል። ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለበርበሬ እንጂ ለገበቴ አይበጅም።

ለሠርጉ እንዲደርስ ከፈለጉ ሁለተኛውን መንገድ ይያዙ፦ እርጥቡን በአንድ ጊዜ ከአፉ እስከ መቀመጫው እኩል 6 ሚሊሜትር ያህል አቅጥነው ይጨርሱት። ቀጭን ስለሆነ በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል፤ ሞላላ መሆኑ አይቀርም፣ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ገበቴ ከፍጹም ክቡ አብልጬ እወደዋለሁ።

ከባሕር ዳር፦ «ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጽድ ወይስ ባሕር ዛፍ? ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?»

ያለ ጥርጥር ዋንዛ። ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ለመሮ አያስቸግርም፣ የልቡ ቡናማና የዳሩ ነጣ ያለ ቀለም ያለ ምንም ማስዋቢያ ያምራል። ወይራ መልኩ እጅግ የሚያምር ቢሆንም ክብደቱና ጥንካሬው መሮን ቶሎ ስለሚያደነዝዝ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ገበቴ ቢቆይ ይሻላል። ጽድ ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ስለሚሰነጠቅ አልመክረውም።

ይሁን እንጂ የዋንዛን ምንጭ ሳይጠይቁ አይግዙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመሄዳቸው ነበር። ከአርሶ አደር ማሳ የሚገኝ ግራቪሊያ ጥሩ ምትክ ሲሆን፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ከፈረሰ አሮጌ አልጋ ወይም በር የተገኘ የዋንዛ ጣውላ ነው፤ ደርቆ ያለቀለት ነውና በኮላ አጣብቆ ወዲያው መሥራት ይቻላል። ምስማሩን አንድ በአንድ ማውጣትና አሮጌውን ቀለም ልጦ መጣል ግን ግዴታ ነው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ አያቡንኑት።

ከአዲስ አበባ፦ «የአልጋ እግር የሚያወጣ ወርክሾፕ ቶርኖውን በእሑድ እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል፤ የገበቴ መያዣ ግን የለውም። እንዴት አስረዋለሁ? በምን ያህል ፍጥነትስ?»

የአልጋ እግር የሚያዘው ከሁለት ጫፍ ስለሆነ የገበቴን ውስጥ ለመቦርቦር አይመችም። በቶርኖው ጭንቅላት ላይ የሚገጠም ክብ የብረት ሳህን ያሠሩና፣ መጀመሪያ የገበቴው አፍ በሚሆነው ፊት ላይ በብሎን ያጥብቁት፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ያለበት ክፍል በኋላ ተቦርቡሮ ስለሚወጣ ጉዳት የለውም። የውጩን ቅርጽ ከጨረሱ በኋላ መቀመጫውን ፍጹም ለጥ ያለ አድርገው፣ ትርፍ እንጨት በኮላ ይለጥፉበትና ብረቱን በዚያ ትርፍ ላይ ያሰሩ። በሁለቱ እንጨቶች መካከል የጋዜጣ ወረቀት ካስገቡ ሥራው ሲያልቅ በመሮ ቀስ ብለው ሲመቱት ወረቀቱ ላይ ይላቀቃል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ 25 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ገበቴ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር በቂ ነው፤ እንጨቱ ገና ክብ ሳይሆን ሲንቀጠቀጥ ግን ከ500 ባይበልጥ ይመረጣል። የአልጋ እግር የሚወጣበት ፍጥነት ከዚህ እጅግ የበዛ ስለሆነ ቀበቶውን ወደ ዝግተኛው ፍጥነት ሳያዛውሩ ማሽኑን አይክፈቱ። እንጨቱን በእጅዎ አንድ ዙር አዙረው ምንም እንደማይነካ ያረጋግጡ፤ ሲከፍቱት ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ይቁሙ፤ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ ያድርጉ፤ ሻርፕ፣ ነጠላና ረጅም እጅጌ ከወርክሾፑ ውጭ ይቆዩ። የመሣሪያውን ማስደገፊያ የሚያስጠጉት ማሽኑ ቆሞ ብቻ ነው።

ከደሴ፦ «የቱንም ያህል በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገው ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት ቦታዎች ሻካራ ሆነው ይቀራሉ። ምን ላድርግ?»

ወረቀቱን ያስቀምጡና መሮውን ይሳሉ። ገበቴ በሚወጣበት ጊዜ የእንጨቱ ክሮች አግድም የተኙ በመሆናቸው፣ በእያንዳንዱ ዙር መሮው ሁለት ጊዜ በጎናቸው፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በጫፋቸው በኩል ያገኛቸዋል። በጫፋቸው በኩል የሚገኙት ክሮች ከኋላቸው የሚደግፋቸው ከሌለ ወይም ስለቱ ከደነዘዘ ከመቆረጥ ይልቅ ተነቅለው ይወጣሉና፣ የሻከሩት ቦታዎች ሁልጊዜ ሁለትና ፊት ለፊት የሚሆኑት ለዚህ ነው። ስለዚህ ውጩን ከመቀመጫው ወደ አፉ፣ ውስጡን ከአፉ ወደ መሐሉ ይቁረጡ፤ በዚህ አቅጣጫ የሚቆረጠው ክር ምንጊዜም ሌላ ክር ከሥሩ ይደግፈዋል። የስለቱ ጀርባ እንጨቱን እየዳሰሰ መሄድ አለበት። የተሳለ መሮ ረጅም ጥምዝ ፍቅፋቂ ይወረውራል፤ ዱቄት የመሰለ ሰጋቱራ ብቻ ካወጣ ደንዟል ማለት ነው።

አሁን ላለው ጉዳት ሻካራዎቹን ቦታዎች በውኃ ጥቂት ያርጥቧቸው፣ መሮውን እንደገና ይሳሉ፣ ከዚያ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ አንድ ሁለት ስስ ቆረጣ ይቁረጡ። ቀጥሎ ከ120 ቁጥር ወረቀት ጀምረው በ180፣ በ240፣ በ320 ያለ መዝለል ይሂዱ። በ240 ከጨረሱ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ሲደርቅ ክሮቹ ብድግ ይላሉ፤ 320ው እነርሱን ያስተኛል። ወረቀቱ ጣት እስኪያቃጥል ከተጫኑት እንጨቱ በሙቀት ስስ ስንጥቅ ያወጣል። ዘይት ከመንካትዎ በፊት የስልክዎን መብራት ከጎን አስጠግተው ያብሩበት፤ በቀን ብርሃን ያልታየ ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ ዘይት ደግሞ ጭረትን ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ከሐዋሳ፦ «ቫርኒሽ ልቀባ ወይስ ዘይት? እናቴ ደግሞ ቅቤ ቀባው ትለኛለች።»

እናትዎ ከልምድ ነው የሚናገሩት፤ በየቀኑ የሚታጠብና የሚታሽ ገበቴ በቅቤ ሊቆይ ይችላል። ስጦታ ግን ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ቅቤው ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ቫርኒሽ ለዓይን ያብረቀርቃል፤ ማንኪያ ሲጭረው ግን ይላጣል፣ ስለዚህ ለምግብ ዕቃ አልመርጠውም። የምመርጠው ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚደርቀውን ንጹሕ የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይትም በከፊል ይደርቃል፣ ግን ከተልባው ይዘገያል፤ ወፈር ተደርጎ ከተቀባ ለረጅም ጊዜ ይጣበቃል። ከቀለም መደብር የሚሸጠው «የተቀቀለ» የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውሕዶች ስለሚጨመሩበት ለምግብ ዕቃ ይተዉት።

ዘይቱን በስሱ ይቀቡ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተረፈውን አጥብቀው ይጥረጉ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ። በመጨረሻ በክብደት አንድ እጅ ሰም ከአራት እጅ የተልባ ዘይት ጋር በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጥሩ ማሻ ይሆናል። ሰሙን ለማግኘት ሩቅ አይሂዱ፤ ከጠጅ ቤት የሚገኘው ሰፈፍ ቀልጦ በጨርቅ ሁለት ጊዜ ከተጠለለ ይበቃል። ዘይቱ ጠንክሮ እስኪደርቅ ሳምንታት ስለሚወስድ ከስጦታው ቀን አንድ ወር አስቀድመው ይጨርሱ።

አንድ ነገር አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። በውኃ ነክረው ወይም ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ከጎንደር፦ «ጥቂት ብናኝ ስለሆነ ጭምብል ባላደርግስ?»

ያድርጉ። የእንጨት ብናኝ ለካንሰር መንስኤነታቸው ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው። አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ሻሽ ጭምብል አይባልም።

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ለአማቴ ሠርቼ የሰጠኋት ገበቴ በብርዱ ወራት አፉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አወጣ። ይጠገናል?»

ማሞቂያ ቀን ከሌት የሚሠራበት ቤት አየሩ ክፉኛ ይደርቃል፣ እንጨቱም የቀረችውን እርጥበት ይሰጣል። ገበቴውን ከማሞቂያው አየር መውጫ ያርቁት፣ ውስጥና ውጩን በዘይት ይሹት። አማትዎ በሙቅ ውኃ እንዳይዘፈዝፉት፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽንም እንዳይከቱት በትሕትና ይንገሯቸው፤ ወጥ ቢያቀርቡበት በርበሬውና እርዱ ቀለም ይተዉበታል፣ ለቆሎና ለፍራፍሬ ግን ይስማማዋል። ስንጥቁ ጥፍር የማይይዝ ቀጭን ከሆነ አሁን አይንኩት፤ የእናንተ አገር ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ያለው ስለሆነ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ያኔም ካልተዘጋ በደንብ የተፈጨ ደረቅ ቡና ጠቅጥቀው ይሙሉበት፣ ሱፐር ግሉ ያንጠባጥቡበት፣ ሲደርቅ በ240 ከዚያም በ320 ወረቀት አስተካክለው እንደገና ዘይት ይቀቡት።